መመረቅ ሌላ፣ መነበብ ሌላ

ቤተ መጻሕፍት ደራሲንና አንባቢን እንዴት ሊያገናኝ ይችላል?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ይመረቃል፡፡ የጥሪ ካርድ ይበተናል፤ ወዳጅ ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባና ጋዜጠኛ ይሰበሰባል፤ የክብር እንግዳው ንግግር ያደርጋል፤ በመካከሉ ግጥም ይነበባል፣ ክራር ወይም ዋሽንት ይሰማል፤ በመጨረሻም ደራሲው ጠረጴዛ ይዞ ሲፈርም ያመሻል፡፡ ዝግጅቱ ደስ ይላል፡፡ በአዳራሹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መጽሐፉን ያነበበ ሰው፡፡

ይህ የታዳሚው ጥፋት አይደለም፡፡ መጽሐፉ ገና ገበያ ላይ አልዋለም፡፡ ነገር ግን ከምረቃው በኋላ ደራሲውና አንባቢው ፊት ለፊት የሚገናኙበት ሁለተኛ ቀጠሮ ከሌለ፣ መጽሐፉ በአንድ ቀን ተመስግኖ በማግስቱ ይረሳል፡፡ ያንን ሁለተኛ ቀጠሮ ለመያዝ ከሆቴል አዳራሽ ይልቅ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይመረጣል፡፡ ለምን እንደሚመረጥ፣ መድረኩስ በምን መልክ ቢዘጋጅ ፍሬ እንደሚያፈራ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን፡፡

የምረቃና የውይይት ልዩነት

በአገራችን አብዛኛው ደራሲ የራሱ አሳታሚ ነው፡፡ የወረቀቱንና የሕትመቱን ወጪ ከኪሱ፣ ከዘመድ ብድር ወይም ከስፖንሰር ይሸፍናል፡፡ መጽሐፉ ለአከፋፋይ ሲሰጥ ከሽፋን ዋጋው ላይ ቀላል የማይባል ድርሻ ለአከፋፋዩና ለሻጩ ይሄዳል፤ የተሸጠበት ገንዘብም ተሰብስቦ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፡፡ ስለዚህ የምረቃው ዕለት ደራሲው መጽሐፉን በሙሉ ዋጋ፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው የሚሸጥበት ቀን ነው፡፡ ምረቃ የገበያም የደስታም ቀን ቢሆን የሚያስወቅስ አይደለም፡፡ ሠርግ ላይ ሙሽራውን የሚተች እንደሌለ ሁሉ ምረቃ ላይም ሒስ አይጠበቅም፡፡

ውይይት ግን ዓላማው የተለየ ነው፡፡ መጽሐፉ ከወጣ ወራት አልፈው፣ የተወሰነ ሰው አንብቦት፣ ደጋፊም ነቃፊም አፍርቶ ሳለ የሚካሄድ ነው፡፡ የሚጋበዘውም አንባቢ ነው፡፡ ታዋቂ ሰው ቢመጣ መልካም ነው፤ ካላነበበ ግን ከሌላው ታዳሚ የተለየ ወንበር አያስፈልገውም፡፡ ምረቃ ላይ ደራሲው ባለ ድግስ ነው፡፡ ውይይት ላይ ግን ተጠያቂ ነው፡፡

ችግሩ ሁለቱ መደባለቃቸው ነው፡፡ «የመጽሐፍ ውይይት» ተብሎ የተጠራው ዝግጅት አዳራሽ ሲገባ የዘገየ ምረቃ ሆኖ ይገኛል፡፡ ሦስት ተናጋሪዎች እየተፈራረቁ ደራሲውን ያመሰግናሉ፤ ሰዓቱ ያልቃል፤ አወያዩ «በጊዜ እጥረት ምክንያት ሁለት ጥያቄ ብቻ» ይላል፡፡ ሁለቱ ዕድለኞችም ጥያቄያቸውን በምስጋና ጀምረው በምስጋና ይጨርሳሉ፡፡

ልምዱ አዲስ አይደለም

ሥነ ጽሑፍን በአደባባይ ማቅረብ በከተማችን የቆየ ታሪክ አለው፡፡ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ በሚያከብሩት የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ያካሂዱ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዓሉ ላይ ይገኙ ነበር፡፡ በ1953 ዓ.ም. የቀረበው የታምሩ ፈይሳ «ድሀው ይናገራል» የተሰኘ ግጥም እስከ ዛሬ በተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ይነሳል፡፡ ግጥሙ መጽሔት ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጥቂት ሰው አንብቦት ያልፍ ነበር፡፡ ታዳሚ ፊት መነበቡ ግን ክብደቱን ለወጠው፡፡ ሹማምንቱም ተማሪዎቹም ቃሉን በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ሰዓት ሰሙት፡፡

ከዚያም ሬዲዮ መጣ፡፡ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልብ ወለድ ፊደል ላልቆጠረውም ሰው ደረሰ፡፡ በየቤቱ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል የተደረገውን ክርክር ማንም አወያይ አልመራውም፡፡ ያም ቢሆን በራሱ ውይይት ነበር፡፡

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በ2000ዎቹ ዓመታት የእሁድ ከሰዓት የመጽሐፍ ውይይት የአዲስ አበባ አንባቢ የታወቀ ቀጠሮ ሆኖ ነበር፡፡ እንደ ሚዩዚክ ሜይዴይ ኢትዮጵያ ያሉ ማኅበራት፣ የጀርመን የባህል ተቋምና ሌሎችም በተለያየ ጊዜ ያዘጋጇቸው መድረኮች ይጠቀሳሉ፡፡ ከስፍራዎቹ አንዱ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የሚገኘው፣ ብዙዎች በአጭሩ «ወመዘክር» የሚሉት ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ነበር፡፡ አሠራሩ ቀላል ነው፡፡ መጽሐፉ ቀደም ብሎ በጋዜጣና በሬዲዮ ይነገራል፤ አንድ ባለሙያ የመነሻ ሐሳብ ያቀርባል፤ ከዚያ መድረኩ ለታዳሚው ይለቀቃል፡፡ መግቢያው በነፃ ነው፡፡ በእነዚህ መድረኮች ተማሪው ከፕሮፌሰሩ፣ ጡረተኛው ከጋዜጠኛው አጠገብ ተቀምጦ እኩል እጁን ያወጣል፡፡

ለምን ቤተ መጻሕፍት?

ይህን ሁሉ ሆቴልም የባህል ማዕከልም ሊያስተናግደው ይችላል፡፡ ቤተ መጻሕፍትን የሚለየው ግን ቢያንስ ሦስት ነገር አለ፡፡

አንደኛው መጽሐፉ ራሱ እዚያ መኖሩ ነው፡፡ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት በአገር ውስጥ የሚታተሙ ሥራዎች ቅጂ ገቢ ይደረግለታል፡፡ ለመጻሕፍት የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥርም የሚሰጠው ይኸው ተቋም ነው፡፡ ስለዚህ በአዳራሹ ውይይት የሚደረግበት መጽሐፍ ከአዳራሹ ጥቂት እርምጃ ርቆ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፡፡ መጽሐፍ መግዛት ያልቻለ ሰው ገብቶ ማንበብ ይችላል፡፡ የመጽሐፍ ዋጋ እየናረ ባለበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው፡፡ ውይይቱን ገዝቶ ላነበበ ሰው ብቻ ካደረግነው፣ ጥያቄ የመጠየቅ መብት የገንዘብ ጉዳይ ይሆናል፡፡

ሁለተኛው የቦታው ገለልተኛነት ነው፡፡ ሆቴል የከፈለውን ያስተናግዳል፤ ኤምባሲና የባህል ማዕከል የራሱ ዓላማ አለው፤ የፖለቲካ ድርጅት አዳራሽ የሚሰበስበው ደጋፊውን ነው፡፡ ቤተ መጻሕፍት ግን በአንዱ መደርደሪያ ላይ የንጉሡን፣ የደርጉን፣ የኢሕአፓውንና የሻዕቢያውን መጽሐፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንንም ሳያስቀድም ያኖራል፡፡ የመድረኩ ጠባይም ከመደርደሪያው ሊወረስ ይገባዋል፡፡

ሦስተኛው ዘላቂነት ነው፡፡ አብዛኞቹ የውይይት መድረኮች በአንድ ብርቱ ሰው ወይም በአንድ ስፖንሰር ትከሻ ላይ የቆሙ ናቸው፡፡ ሰውዬው ሲደክመው ወይም ስፖንሰሩ ሲወጣ መድረኩም አብሮ ይጠፋል፡፡ ቤተ መጻሕፍት ግን ቋሚ ሠራተኛ፣ ቋሚ በጀትና ቋሚ በር አለው፡፡

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው የማስተናገድ አቅም ያለው ሲሆን የመሰብሰቢያ አዳራሾችም አሉት፡፡ በየክፍለ ከተማውና በየወጣት ማዕከሉ የሚገኙ አነስተኛ ንባብ ቤቶችም አሉ፡፡ ቦታ የለም ማለት ቀላል አይሆንም፡፡

ጉዳዩ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ራሱን በምን ዓይን ያያል በሚለው ላይ ነው፡፡ በርካታ ንባብ ቤቶቻችን ወንበራቸው የሚሞላው ደብተሩን ይዞ ለፈተና በሚያጠና ተማሪ ነው፡፡ ተማሪው ጸጥታና መብራት ፈልጎ ይመጣል፤ ከመደርደሪያው መጽሐፍ ሳያወርድ ይመለሳል፡፡ ለተማሪው ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው፤ መቅረትም የለበትም፡፡ ነገር ግን የንባብ ቤት ሥራ በዚህ ብቻ ካበቃ፣ ተማሪው ፈተናውን ባለፈ ማግስት ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚመልሰው ምክንያት አይኖረውም፡፡ ደራሲን በአካል አግኝቶ የጠየቀ ወጣት ግን የዚያን ደራሲ ሌላ ሥራ ፈልጎ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው፡፡

ይሉኝታና ሒስ

ለውይይት መድረካችን ትልቁ ፈተና ከአዳራሽም ከበጀትም ይልቅ ይሉኝታ ነው፡፡ ሰው ፊቱ ተቀምጦ ሥራውን መንቀፍ በባህላችን ከነውር ይቆጠራል፡፡ በዚህም የተነሳ መድረክ ላይ «ድንቅ ሥራ» የተባለው መጽሐፍ ሻይ ቤት ውስጥ ይብጠለጠላል፡፡ ደራሲው እውነቱን የሚሰማው የመጨረሻ ሰው ይሆናል፤ ሁለተኛው መጽሐፉም የመጀመሪያውን ስህተት ይደግማል፡፡

ተቃራኒውም ያጋጥማል፡፡ ይሉኝታው ሲሰበር ሒሱ ወደ ስድብ ይሻገራል፡፡ በተለይ የታሪክና የፖለቲካ ትዝታ መጻሕፍት ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፡፡ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ አንባቢ ካገኙት መጻሕፍት መካከል የቀድሞ ባለሥልጣናትና ታጋዮች የጻፏቸው ይገኙባቸዋል፡፡ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» ወይም የፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» ዓይነት መጽሐፍ ላይ ሲወያዩ፣ አዳራሹ ውስጥ በዚያ ዘመን ታስሮ የወጣ፣ ወንድሙን ያጣ ወይም በዚያው መንግሥት በቅንነት ያገለገለ ሰው መኖሩ አይቀርም፡፡ እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት ስለ ዓረፍተ ነገር አሰካክ አይደለም፤ ስለ ሕይወታቸው ነው፡፡ እንዲህ ያለውን መድረክ መዝጋት መፍትሔ አይሆንም፡፡ ሰዎቹ ሌላ የሚናገሩበት ቦታ የላቸውምና፡፡ የሚያስፈልገው ክርክሩን ወደ ገጹ የሚመልስ አወያይ ነው፡፡ «ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የት ላይ ተጽፏል? ደራሲው ምን ማስረጃ አቅርበዋል? እርስዎስ የሚያውቁት ከዚያ በምን ይለያል?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ብዙ እሳት ያበርዳሉ፡፡

ይሉኝታውንም ስድቡንም የሚያስታግሰው መድኃኒት አንድ ነው፤ መጽሐፉን በገጽ መጥቀስ፡፡ «ደካማ ነው» ወይም «ድንቅ ነው» የሚል ሰው ገጽ እንዲጠቅስ ከተጠየቀ፣ ያላነበበው በራሱ ዝም ይላል፤ ያነበበው ደግሞ ሰውየውን ትቶ ስለ ሥራው ይናገራል፡፡ ይሉኝታ የሚይዘን ሰውን ስንነካ ነው፡፡ ጽሑፍን መንካት ግን አንዴ ከተለመደ አይከብድም፡፡

መድረኩ በተግባር

አንድ ጥሩ ውይይት ሁለት ሰዓት ይበቃዋል፡፡ ከዚያ በላይ ሲሄድ የታክሲ ሰልፍ የሚያሳስበው ሰው መውጣት ይጀምራል፡፡ ሁለቱን ሰዓት መከፋፈል ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልግ ሥራ ነው፡፡

ደራሲው ከሥራው አንድ ክፍል ለአሥር ደቂቃ ያህል ቢያነብ መልካም ነው፡፡ ድምፁን መስማት ለአንባቢው አዲስ ነገር ይጨምርለታል፤ ያላነበበውም ስለ ምን እንደሚወራ ይገባዋል፡፡ የመነሻ ሐሳብ አቅራቢው ከሃያ ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል፡፡ የታሪኩን ጭብጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መተረክ የእሱ ሥራ አይደለም፡፡ ሥራው ታዳሚው የሚከራከርባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ነጥቦች ማውጣት ነው፡፡ አቅራቢው የደራሲው የቅርብ ወዳጅ ባይሆን ደግሞ ይመረጣል፡፡ ወዳጅ ከሆነም ቢያንስ አስቀድሞ ይናገር፡፡

ቀሪው ከአንድ ሰዓት የማያንስ ጊዜ የታዳሚው ነው፡፡ እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ሰው ይነሳል፤ ማይክራፎን ይዞ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ ሩብ ሰዓት የሚወስድ ሰው፡፡ አወያዩ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ መሆኑን ከመጀመሪያው ተናግሮ ለትልቁም ለትንሹም እኩል ማስከበር አለበት፡፡ ከፊት ወንበር የተቀመጡት አንጋፋዎች ብቻ ዕድሉን እንዳይወስዱት፣ ጥያቄን በቁራጭ ወረቀት መቀበል ከኋላ ያለችውን ዓይን አፋር ተማሪ ያሳትፋል፡፡ ደራሲው እያንዳንዱን አስተያየት እየተነሳ ከሚመልስ ማስታወሻ ይዞ በመጨረሻ አንድ ላይ ቢመልስ፣ መድረኩ የደራሲውና የአንድ ሰው ሙግት ከመሆን ይድናል፡፡

የቤተ መጻሕፍቱ ድርሻ ደግሞ ከዕለቱ በፊት ይጀምራል፡፡ የተመረጠው መጽሐፍ ከአንድ ወር በፊት ቢታወቅ፣ ከአንድ ቅጂ ይልቅ አምስት ወይም አሥር ቅጂ ተገዝቶ ለአንባቢ ክፍት ቢደረግ፣ መግቢያው አካባቢ የደራሲው የቀደሙ ሥራዎች ተለይተው ቢደረደሩ፣ ታዳሚው ባዶ እጁን አይመጣም፡፡ የአሥር መጻሕፍት ዋጋ ለአንድ ዝግጅት ከሚወጣው የባነርና የመስተንግዶ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ብዙ አይደለም፡፡

ከዕለቱ በኋላ የሚሠራ ሥራም አለ፤ እሱም መቅረጽና ማስቀመጥ፡፡ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳትሞ በቀጣዩ ዓመት የደረሰበት ጠፋ፡፡ ስለዚያ መጽሐፍ ከአንባቢው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የመነጋገር ዕድል አላገኘም፡፡ ዛሬ አንባቢው የሚጠይቀውን ጥያቄ የሚመልስለት ባለቤት የለም፡፡ በሕይወት ያሉት ደራስያን ግን ሲናገሩ ድምፃቸው ቢቀረጽ፣ ርዕስና ቀን ተጽፎበት ከመጽሐፋቸው ጎን በካታሎግ ቢመዘገብ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተመራማሪ የማይገኝ ሀብት ይሆናል፡፡ መዝገብ መያዝ ሙያው የሆነ ተቋም ይህን ለማድረግ ከማንም የተሻለ ነው፡፡ በማኅበራዊ ድረ ገጽ ተጭኖ በወሩ የሚጠፋ ቪዲዮ ማኅደር አይባልም፡፡

ደራሲው ምን ያገኛል?

ደራሲው እሁዱን ሠውቶ መጥቶ ሲጠየቅ ቢውል ምን ይጠቀማል? በአንዳንድ አገሮች ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲያውስ ለደራሲው ክፍያ የሚታሰብበት ሕግ አለ፡፡ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1946 የጀመረችው ሲሆን ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ1979 ሕግ አውጥታለች፡፡ በእኛ አገር እንዲህ ያለው ክፍያ አልተለመደም፡፡ ደራሲን ለንግግር ጋብዞ የትራንስፖርትና የድካም ዋጋ መክፈልም እንደዚያው፡፡ «መጽሐፍህን እያስተዋወቅንልህ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ እንደ ክፍያ ይቆጠራል፡፡ የድምፅ ማጉያው ባለሙያ፣ የአበባ ነጋዴውና የውኃ አቅራቢው ተከፍሏቸው፣ ሰው ሁሉ ሊሰማው የመጣው ደራሲ ብቻ በነፃ የሚሠራበት ዝግጅት ፍትሐዊ አይደለም፡፡ ገንዘቡ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ መኖሩ ግን ሥራው ሥራ መሆኑን ይመሰክራል፡፡

ከገንዘቡ ሌላ ደራሲው የሚያገኘው ከየትም የማያገኘው ነገር አለ፡፡ አገራችን ውስጥ የሥነ ጽሑፍ ሒስ የሚያትሙ ቋሚ መጽሔቶች ጥቂት ናቸው፤ አርታኢ ያለው አሳታሚም እንደዚያው፡፡ ስለዚህ ለብዙው ደራሲ ሥራው በሥርዓት ተነብቦ አስተያየት የሚሰጥበት የመጀመሪያው ቦታ ይህ መድረክ ነው፡፡ ሁለተኛ እትም የሚያዘጋጅ ደራሲ ከአንድ ጥሩ የእሁድ ከሰዓት ውይይት የሚሰበስበው እርማት የአንድ አርታኢ ሥራ ያህል ሊሆን ይችላል፡፡

ሕፃናትና ሌሎች ቋንቋዎች

የደራሲ መድረክ ሲባል ሁልጊዜ ለአዋቂዎች ብቻ ይታሰባል፡፡ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ሲከፍቱ፣ በኋላም ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ልጆች ሲወስዱ ያሳዩት ነገር፣ መጽሐፍ ልጁ ወዳለበት ከሄደ አንባቢ እንደማይጠፋ ነው፡፡ በቴሌቪዥን ተረት እየሰማ ያደገ ትውልድም የአባባ ተስፋዬን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳም፡፡ በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት የልጆች መጽሐፍ ደራሲ መጥቶ የሚያነብበት የቀበሌ ንባብ ቤት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፡፡ ምንጣፍ፣ ሃያ መጽሐፍና አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ይበቃዋል፡፡

ቋንቋን በተመለከተም መድረኮቻችን ከአማርኛ እምብዛም አይወጡም፡፡ በአዲስ አበባ የሚኖረው አንባቢ ግን በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ያነባል፤ ይጽፋልም፡፡ በእነዚህ ቋንቋዎች የሚጽፉ ደራስያንን ከተርጓሚ ጋር ማቅረብ ለሁለቱም ወገን አዲስ አንባቢ ያስገኛል፡፡ ጎረቤቱ ምን እንደሚጽፍ ሳያውቅ የሚኖር የከተማ አንባቢ ስለ አገሩ የሚያውቀው ግማሹን ነው፡፡

አንባቢውስ?

ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ ተሟልቶ አዳራሹ ውስጥ ያነበበ ሰው ከሌለ ድካሙ ከንቱ ነው፡፡ ወደ መጽሐፍ ውይይት የሚሄድ ሰው ራሱን የሚያዘጋጅበት መንገድ ቀላል ነው፡፡ መጽሐፉን ያንብብ፤ መጨረስ ካልቻለ ግማሹን ያንብብ፤ ያልገባው ወይም ያልተስማማበት አንድ ገጽ ላይ ምልክት ያድርግ፤ ያንን ገጽ ይዞ ይሂድ፡፡ አዳራሹ ውስጥ እንደዚህ ያደረጉ አሥር ሰዎች ቢገኙ ውይይቱ ይያዛል፡፡ መቶ ሰው ተሰብስቦ አሥሩ ከሌሉ ግን ጭብጨባ ብቻ ይሆናል፡፡

ደራሲዎቻችን ጭብጨባ አጥተው አያውቁም፡፡ ያጡት «በገጽ መቶ ሃያ ላይ ያሉት ነገር አልገባኝም፤ ቢያስረዱኝ» የሚላቸውን ሰው ነው፡፡